ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነው ሸሚዝ

ይህን የምጽፈው በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ከጀርባው ወደ ደረቱ ቀበቶ መስሎ የዞረ ሽፍታ ወጥቶበት «ይሄ ለሐኪም አይነገርም» ብሎ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሽፍታው ደርቆለት ሕመሙ ላልለቀቀውም ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ጠዋት የሚወደውን ሰው በቃል ለሚያቆስል ሰው ነው። እኔ ሦስቱንም ነበርኩ።

ሥራዬ የመኪና ጽሑፍ ነው። አዳማ፣ ወደ መተሐራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሰው ቀለም ቤት አላቸው። እዚያ የአይሱዙ ጀርባና የባጃጅ ጎን ላይ በብሩሽ እጽፋለሁ። ስቲከር ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም ሌላ መኪና ላይ የሌለ ነገር የሚፈልግ ሾፌር አይጠፋም። ለእሱ ሁለት መስመር ግጥም እገጥምለታለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ከሾፌር ወሬ፣ ከሠርግ ዘፈን፣ ከለቅሶ ሙሾ እየቃረምኩ የተማርኩት ነው፤ በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም። ልታመም ሳምንት ሲቀረኝ ከቡልቡላ ሽንኩርት ለሚጭን ጀማል ለሚባል ሾፌር የጻፍኩለት እንዲህ ይላል፤

እንቅልፍ ለሰነፍ ነው፣ ለአልጋው ምርኮኛ፤
መሪ ነው ትራሴ፣ የሌት መንገደኛ።

ኦቦ ጉተማ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና «ይሄ ሰውዬ ትራፊክ ቢያስቆመው ምን ሊል ነው? መሪው ላይ ተኝቼ ነው የምነዳው?» ብለው ሳቁብኝ። ጀማል ግን ወደደው። እኔም ያኔ እንቅልፍ ለሌላ ሰው የተሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት እጽፋለሁ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት መሰላል ላይ ነኝ።

ሕመሙም የጀመረኝ መሰላል ላይ ነው። ቀኝ እጄን አንስቼ ስጽፍ ከቀኝ ጡቴ በታች ጉንዳን የሚተራመስ ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ሲውል ሲያድር ማቃጠል ጀመረ። እጄን ስዘረጋ የዞረችብኝ ጅማት ናት ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከአከርካሪዬ ተነስቶ በጎኔ ዞሮ እስከ ደረቴ ተሰለፈ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳችን ላይ ማሽኗን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነን። ሸሚዜን ገልጣ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አልማዝ ባለጭራ ናት» አለችኝ። ይህ በሽታ በእኛ ዘንድ የራሱ ሕግ አለው። መርፌ ከነካው ይገድላል፣ ፀሐይ ካየው ይብሳል፣ ጭራው ዞሮ ከራሱ ጋር ከገጠመ አበቃ ይባላል። ሐኪም ቤት ማለት መርፌ ነው፤ ስለዚህ ሐኪም ቤት የለም። በማግስቱ በወንጂ መንገድ ወዳሉ አንዲት የባህል መድኃኒት አዋቂ ወሰደችኝ። ጥቁር ቅባት ቀቡኝ። መስኮቱ ተዘግቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ተኛሁ። ሽፍታው ደረቀ፤ ቅርፊቱም ረገፈ። እናቴ ለአዋቂዋ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ይዛላቸው ሄደች። ስትመለስ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ።

«ስሟን እንዳትጠራት። ያለፈን በሽታ ስሙን መጥራት፣ ና ተመለስ ማለት ነው።»

እሺ አልኩ። ገጣሚ ነኝ፤ ቃል ኃይል አለው ብሎ በማመን ማን ይቀድመኛል?

ሽፍታው ሄደ፤ ሕመሙ ቀረ። ቃል ያጠረኝ ያኔ ነው። ቆዳዬ ላይ ከጥቂት ጠባሳ በቀር ምንም አይታይም። አጥብቀው ሲጫኑት ደህና ነው፤ የሚያቃጥለው ቀስ ብለው ሲነኩት ነው። ጠላቴ ሸሚዝ ሆነ። አዳማን ነፋስ አያጣትም። ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ መዘውሮች ፈጠን ብለው ሲዞሩ ካየሁ መከራዬ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ነፋሱ ሸሚዜን ያነሳዋል፣ ሸሚዜ ጎኔን ይልሰዋል፣ ያን ጊዜ ከጀርባዬ እስከ ደረቴ የጋለ ሽቦ የተሳበብኝ ያህል እዘላለሁ። መንገድ ላይ ሸሚዜን በሁለት ጣቴ ከጎኔ አርቄ ይዤ መሄድ ለመድኩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ። ሁለተኛው የኩላሊት ጠጠር ጠርጥሮ አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። ሦስተኛው ልቤን መረመረ። እናቴ ለመስከረም ጨርቅ መግዣ ያስቀመጠችው ገንዘብ በዚህ አለቀ። ሐኪሞቹን አልወቅስም። «ከዚህ በፊት ምን ታመህ ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ «ምንም» ነበር። ማዳመጫውን በሸሚዜ ላይ ሲያሳርፉ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ስሟን ላለመጥራት አምስት ወር ሙሉ በየወረፋው ተቀመጥኩ።

ከእነዚያ ወረፋዎች አንዱን አልረሳውም። ኮሪደሩ ሞልቶ በቀኜ በኩል ሰው እየታከከኝ ያልፋል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ሸሚዜን በጣቶቼ እንደያዝኩ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ተነሱና በቀኜ መጥተው ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም በመካከላችን አግዳሚው ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካኝም። ተራዬ እስኪደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ስለ ሌሊቱ ብዙ አልጽፍም፤ የታመመ ሰው ያውቀዋል። ቀን ሥራና ጫጫታ ሕመሙን ይሸፍኑታል፤ ማታ አልጋ ላይ ከእሱ ጋር ብቻህን ትቀራለህ። አንሶላው ራሱ ሸሚዝ ይሆናል። መጀመሪያ ያስፈራኝ ሞት ነበር፤ በኋላ ግን የፈራሁት በዚሁ መኖርን ነው። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ የጠዋቱ ሰላምታ ነው። በዚህ ከተማ በማንኛውም ቋንቋ የምትጠየቀው ስለ ሌሊቱ ነው። ኦቦ ጉተማ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። «ናጋ» እላለሁ፣ ሰላም ነው። እናቴ «እንዴት አደርክ?» ትለኛለች። «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። አምስት ወር፣ በየጠዋቱ፣ በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

ካልተኛሁ ሕመሙ ይብሳል፤ ከባሰብኝ እበሳጫለሁ፤ ከተበሳጨሁ ማታ አልተኛም። ግጥም መጻፍ አቆምኩ። ደብተሬን ስከፍት ቃላቱ የሌላ ሰው ይመስሉኛል። ሰው ሲስቅ የሚስቀው በእኔ ነው እላለሁ። አንድ ቀን የአንዱን ሾፌር ግጥም በሌላው መኪና ላይ ጻፍኩት። ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው ሲነግሩኝ ብሩሹን ወረወርኩት፤ ቀዩ ቀለም የእሳቸው ደረት ላይ አረፈ። ሽማግሌ ናቸው፤ ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀለሙን በጨርቅ እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፤

«ቢኒ፣ እጅህ ደህና ነው። የታመመው ሌላ ነገርህ ነው። መንግሥት ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም አለች ይላሉ። ሂድ። ብሩሽህን አጥቤ አስቀምጥልሃለሁ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ። በአምስት ወር ውስጥ ይህን ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ጠባሳዎቹን ከአከርካሪዬ እስከ ደረቴ በዓይኗ ተከተለቻቸው፤ አልነካቻቸውም። ይሄ ምንድን ነው ስትለኝ ሸሚዜን መልሼ ለመልበስ አነሳሁ።

«በሰፈራችሁ ስሟ አይጠራም?» አለች ፈገግ ብላ። «እኔ ልጥራልህ። አልማዝ ባለጭራ ነበረች።»

አስረዳችኝ። በልጅነቴ ጉድፍ ያስወጣብኝ ቫይረስ ከሰውነቴ አልወጣም ነበር፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ ኖሮ ሰውነት ሲደክም ይነሳል። ሽፍታው ሲድን ነርቩ ግን ተጎድቶ ሊቀር ይችላል፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ጨርቅና እሳትን መለየት ያቅተዋል። በወጣትነት ሲወጣ መመርመር ጥሩ ነው ብላ የኤች አይ ቪ ምርመራ አዘዘችልኝ። ውጤቱን ስጠብቅ ኮሪደሩ ላይ የነበሩትን የወለል ሸክላዎች ሁለቴ ቆጠርኳቸው። ነፃ ነህ ተባልኩ። ከዚያ ማንም ሐኪም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፤ ሌሊቱን እንዴት ታድራለህ አለች። የአምስት ወር ውሸቴ እዚያ አለቀ። አልተኛም አልኳት።

ማታ ማታ የሚወሰድ አንድ ኪኒን በትንሽ መጠን አዘዘችልኝ። ልወጣ ስል በጊዜ መጥቼ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት። ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለ፣ ሁልጊዜ ባይሆንም በሽታውን እንደሚያሳጥርና እንደሚያቀል አልደበቀችኝም። እኔም ከነገረችኝ ሁሉ ይችኑ አንዷን አረፍተ ነገር ጨብጬ ወጣሁ።

ኪኒኑን ገዝቼ ስሙን ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ለድብርት የሚሰጥ ነው ይላል። ደሜ ፈላ። እኔ ጎኔን ብዬ ሄጄ እሷ ጭንቅላትህን አለችኝ ማለት ነው? ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። በረንዳው ላይ እናቴ ማሽኗ ላይ አጎንብሳለች። ምን አሉህ ልጄ አለችኝ።

«በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ቤት ብትወስጂኝ ኖሮ ዛሬ ሰው ነበርኩ» አልኳት። «እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።»

ማሽኑ ቆመ። «እኔ ነኝ?» ብቻ አለች። ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ዝም አለ። ምግብ ይቀርባል፣ ቃል አይቀርብም። ጠዋት እንዴት አደርክ የሚለኝ ጠፋ። ውሸት ነው ብዬ የጠላሁት ሰላምታ ሲቀር ሌላ ጎን የታመምኩ ያህል ሆነብኝ። ነርቩ ባይድን እችለው ይሆናል፤ እናቴን እንዲህ አድርጌ ግን መኖር እንደማልችል ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን፣ ስንት ቃል የማቀናጀው ሰውዬ፣ ከጉሮሮዬ ማውጣት አቃተኝ።

በሳምንቱ፣ ኦቦ ጉተማ ጋ መመለስ አፍሬ ሌላ ሥራ ስፈልግ ውዬ ስገባ፣ አልጋዬ ላይ ሸሚዝ ተቀምጦ አገኘሁ። ብዙ ታጥቦ ከሳሳ የአልጋ አንሶላ የተቆረጠ ነው። ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ ነው፤ ውስጡ እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ነው። በቀኝ በኩል ኪስ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ከብብት ጀምሮ ሰፍቶ ይወርዳል። ለብሼው ወጣሁ። ነፋስ ነበር። ሸሚዙ ተነሳ፣ ወረደ፤ አቃጠለኝ፣ ግን አላስዘለለኝም። የሰፈራችን የባጃጅ ልጆች አዩኝ።

«ቢኒ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የለበስከው? ገልብጠኸዋል።»

«አልገለበጥኩም» አልኩ። «እናቴ ናት እንዲህ የሰፋችው።» ይህን ስል ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ነበር።

ተመልሼ በረንዳው ላይ አጠገቧ ቆምኩ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፍቼ የወጣኝ ሌላ ነው፤ ልኬን ሳትወስጂ እንዴት አወቅሽው አልኳት።

«ሃያ አምስት ዓመት ሳይህ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ያን ጊዜ መጣልኝ። ይቅርታ እማዬ አልኳት፣ ሁለቴ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መሳቢያው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ለምን እንደማልወስድ ጠየቀችኝ። የድብርት መድኃኒት ነው፣ እኔ እብድ አይደለሁም አልኳት። ጨርቁን ከማሽኑ አወጣች።

«እኔ ስለ መርፌ የሰማሁትን ይዤ አጠፋሁ» አለች። «አንተ ደግሞ ስለ ኪኒን ያነበብከውን ይዘህ ልታጠፋ ነው?»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው ባለሁለት መስመር ግጥሞች ሁሉ እንዲህ ዒላማውን የመታ የለም፤ ባለቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ናት።

ሐኪሟ ጋ ተመልሼ አለመውሰዴን ተናዘዝኩ። አልተቆጣችም። ያው ኪኒን በከፍተኛ መጠን ለድብርት፣ በትንሽ መጠን ግን የሚጮኸውን ነርቭ ለማረጋጋት እንደሚሰጥ፣ እንቅልፍም እንደሚያግዝ ነገረችኝ። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ጣቶቿን ተከለች። «ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የከፋ ስሜት። ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ ድስቱን የተሸከሙት ተጋግዘው ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን አንነቅልም። አንዱን ስናነቃንቅ ድስቱ ይዘማል። እኛ በእንቅልፍ እንጀምር።»

ተአምር አልነበረም። ሁለት ሳምንት አፌ ደረቀ፣ ጠዋት ራሴ ከበደኝ፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እናቴ በየማታው በሦስት ሰዓት ውሃና ኪኒን ይዛ በሬ ላይ ትቆማለች፤ ሳልውጥ አትሄድም። ሐኪሟ በሰጠችኝ ምክር ስልኬን ሳሎን ማሳደር፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ከአልጋ ወርጄ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ተኛሁም አልተኛሁም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ጀመርኩ። በግጥም ደብተሬ ላይ ደግሞ በየጠዋቱ ሦስት ነገር ጻፍኩ፤ እንቅልፌን፣ ሕመሜን፣ ልቤን። አንድ ሌሊት ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የጋሪ ፈረስ ኮቴ እየተሰማ ነው፤ ነግቷል። አላመንኩም። እናቴን ጠርቼ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋት።

ደብተሩን ወር ሙሉ ሞልቼ ወደ ኋላ ሳነበው ያላሰብኩትን አየሁ። ሕመሙ ስለበረታ የማልተኛ ይመስለኝ ነበር፤ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። በደንብ በተኛሁ ማግስት ያው ነፋስ፣ ያው ሸሚዝ፣ የሚያመኝ ግን በግማሽ ነው። በተጣላሁበት ቀን ደግሞ ነፋስ ሳይኖር ያመኛል። መሰላል ላይ ወጥቼ ብሩሽ በያዝኩበት ቀን ጎን እንዳለኝ እረሳለሁ። ደብተሩን ለሐኪሟ ሳሳያት ታካሚዎቿ ሁሉ እንዲህ ቢጽፉላት እንደምትወድ ነገረችኝ። ይህንንም ስጽፍ እየኮራሁ ነው፤ ከአሥረኛ ክፍል የወጣ ሰው የራሱን ሰውነት አንብቧል።

ኦቦ ጉተማ ብሩሼን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ ነበር። በተመለስኩ ቀን «አካም ቡልቴ?» አሉኝ። «ዛሬ አምስት ሰዓት ተኝቻለሁ፤ ትናንት ግን ሦስት» አልኳቸው። ሳቁ፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ጀማልም ከሽንኩርቱ ጋር ሲያልፍ መኪናውን አስቁሜ የድሮ ግጥሜን በቤንዚን አጠፋሁበት። አኩርፎ ቆመ። አዲሱን ሲያነብ ግን ኩርፊያው ለቀቀው፤

ሌሊት የተኛ ዓይን፣ ከመንገድ ይስማማል፤
ያልተኛ ጀግና ግን፣ ገደል ይሳለማል።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። ከጡቴ በታች መዳፍ የምታህል ቦታ ዛሬም ሌላ ቆዳ ናት፤ ስደክም ታስታውሰኛለች። መድኃኒቱን ሐኪሟ ቀስ በቀስ እየቀነሰችልኝ ነው። የኪኒኑን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ለእናንተ የሚሆነውን የሚያዝላችሁ ሐኪም ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ እየሮጡ መጡ። ባላቸው ከትናንት ጀምሮ በወገቡ በኩል ሽፍታ ወጥቶበታል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስሟን ሳይጠሩ፣ ያቺ የወንጂ መንገዷ አዋቂ ቤት የት እንደሆነ እናቴን ጠየቋት። እናቴ ማሽኑን አቆመች። ነጠላዋን ከወንበሩ አነሳች።

«ቢንዬ፣ ሸሚዝህን ግለጥላቸው» አለችኝ።

ቀኝ እጄን እስከ ላይ አንስቼ ሸሚዜን ገለጥኩ። እትዬ ወርቄ ጠባሳውን አይተው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የአዋቂዋን ቤት አውቀዋለሁ» አለች እናቴ። «ልጄን ወስጄው ነበር፤ ሦስቱን ቀን ያሳለፍኩበት እኔ ነኝ። አንቺ አታሳልፊበት። አሁን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ እዚያም ስሟን ጮክ ብለሽ ትጠሪያታለሽ። አልማዝ ባለጭራ በያቸው።»

ይህን ስትል ድምጿ በረንዳውን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ባልየውን ከቤቱ ጠርተው በመሃላቸው አድርገው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ሸሚዜን ማውረድ ረስቻለሁ። እናቴ ከሩቅ ዞር ብላ «ሸሚዝህን አውርድ፣ ነፋስ ይመታሃል» አለችኝ።

ይምታኝ ብዬ ቆምኩ። ከኮረብታው ወርዶ መጣና ጎኔን ነካው። ነፋስ ብቻ ነበር።